ከቦሌ እስከ ደለስ፦ የአንድ ረጅም በረራ ርቀትና ሰዓት ታሪክ

ከአዲስ አበባ ቦሌ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ እስከ ዋሽንግተን ደለስ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ ያለው ርቀት፣ በምድር ገጽ ላይ ባለው አጭሩ መስመር ሲለካ፣ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ አየር ማረፊያዎች ከቦታቸው ስለማይነቃነቁ ይህ ቁጥር አይለወጥም። የጉዞው ሰዓት ግን አንድ ሆኖ አያውቅም። ዛሬ ከዋሽንግተን የተነሣ አውሮፕላን የትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ አዲስ አበባ ይገባል፤ ከአዲስ አበባ የሚነሣው ግን አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ስለሚሞላ ከ16 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። የአንዱ መንገድ መሄጃና መመለሻ እንዲህ የተለያየበትን ምክንያት ለመረዳት ከበቅሎ እስከ ጄት ያለውን ታሪኩን ማየት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባለባቸው በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቀን መንገድ ሲቆጠር

የቀድሞው ኢትዮጵያዊ መንገደኛ ርቀትን የሚናገረው በጊዜ ነበር። አንድ ቦታ «የግማሽ ቀን መንገድ» ወይም «የአምስት ቀን መንገድ» ነው ሲባል፣ በቃሉ ውስጥ የበቅሎው ጉልበት፣ ዳገቱና ቁልቁለቱ፣ የክረምቱ ጭቃና የወንዙ ሙላት አብረው ተቆጥረዋል። አንዱ አገር በበጋ የሦስት ቀን፣ በክረምት የስድስት ቀን መንገድ ቢሆን ማንም አይገረምም ነበር።

በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል የመጀመሪያው ይፋዊ ጉዞ የተደረገው በዚህ ዘመን ነው። በማርሴይ የአሜሪካ ቆንስል ጄኔራል የነበረው ሮበርት ስኪነር በ1903 መጨረሻ ከባሕር ኃይል ወታደሮች ጋር ጅቡቲ ደረሰ። ባቡሩ በዚያን ጊዜ ከድሬዳዋ አያልፍም ነበርና የቀረውን መንገድ መልእክተኞቹ በበቅሎና በግመል ጓዝ ሳምንታት ተጉዘው በታኅሣሥ ወር አዲስ አበባ ገቡ። ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል የተፈረመው በዚያው ወር ነው።

የባቡር ሐዲዱ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ 784 ኪሎ ሜትሩ የጅቡቲ መንገድ ወደ ሦስት ቀን አጠረ። ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኞች አዋሽና ድሬዳዋ ያድሩ ነበር። ከጅቡቲ በኋላ በቀይ ባሕርና በስዊዝ ቦይ ወደ ሜዲትራኒያን፣ ከዚያ በአውሮፓ ባቡር ወደ አትላንቲክ ወደብ፣ ከዚያም በሌላ መርከብ ወደ ኒውዮርክ ይኬዳል። በ1919 ደጃዝማች ናደው፣ ከንቲባ ገብሩ ደስታና ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ያሉበት የኢትዮጵያ መልእክተኞች ቡድን ፕሬዚዳንት ዉድሮው ዊልሰን ዘንድ የቀረበው በእንዲህ ዓይነት የባቡርና የመርከብ ጉዞ ነው። መርከቡ ሁሉ በሰዓቱ ቢገጥም እንኳ መንገዱ በሳምንታት የሚቆጠር ነበር።

ልደታ ሜዳና የብረት አግዳሚ

የመጀመሪያው አውሮፕላን ከጅቡቲ መጥቶ አዲስ አበባ አጠገብ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፖቴዝ 25 የሚባል የፈረንሳይ ሥሪት ሲሆን አብራሪውም ፈረንሳዊ ነበር። ባቡሩ በሦስት ቀን የሚጨርሰው መንገድ በአንድ ጊዜ የሰዓታት መንገድ ሆነ። ይህ ግን ለመንግሥትና ለጥቂት ሰዎች እንጂ ቲኬት ገዝቶ ለሚጓዝ ሕዝብ አልነበረም።

መደበኛ በረራ የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በየካቲት 1945 ወደ ግብፅ በርረው ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር በአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ ተገናኙ። በዚያው ዓመት ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር ስምምነት ተፈርሞ በታኅሣሥ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተቋቋመ። የመጀመሪያው በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. (ኤፕሪል 8፣ 1946) ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአስመራ በኩል ካይሮ ገባ።

አየር መንገዱ ሥራ የጀመረባቸው አምስቱ ሲ-47 አውሮፕላኖች ከጦርነቱ የተረፉ ወታደራዊ ማመላለሻዎች ነበሩ። መንገደኛው እንደ ዛሬው በረድፍ ፊቱን ወደፊት አዙሮ አይቀመጥም። በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ይተያያል፤ መሀሉ ላይ ጭነቱ ታስሮ ይቀመጣል። አውሮፕላኑ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በታች ይበር ስለነበር፣ የቦሌና የደለስን ያህል ርቀት ለመጨረስ አየር ላይ ብቻ 40 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ነዳጁ ግን ለዚህ አይበቃም፤ በየአንድ ወይም ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትሩ ማረፍ ነበረበት።

በመሆኑም በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ተማሪ ወይም ባለሥልጣን ከአዲስ አበባ ካይሮ ወይም አቴና ደርሶ በሌላ አገር አየር መንገድ ይቀጥል ነበር። በ1958 ዲሲ-6ቢ የተባሉ አራት ሞተር ያላቸው አውሮፕላኖች መጥተው የኢትዮጵያ በረራ ፍራንክፈርት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 500 ኪሎ ሜትር አደገ። በዚህ ፍጥነት 11,560 ኪሎ ሜትር የ23 ሰዓት በረራ ነው። ቢሆንም መርከብ ገና ከክብሩ አልወረደም ነበር፦ ንጉሠ ነገሥቱ በ1954 አሜሪካን ሲጎበኙ አትላንቲክን የተሻገሩት በዘመኑ ፈጣን በነበረችው «ዩናይትድ ስቴትስ» በተባለችው የመንገደኞች መርከብ ነው።

ሁለት አየር ማረፊያ፣ አንድ ዘመን

ጄት አውሮፕላን ሲመጣ እስከዚያ የአዲስ አበባ አየር ማረፊያ የነበረው የልደታ ሜዳ ጠበበ። ጄት ለመነሣት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ ከተማይቱ ከፍታ ላይ መሆኗ ደግሞ የሚያስፈልገውን ርዝመት ይጨምረዋል። ስለዚህ ከከተማው በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ሜዳው ሰፊ በሆነበት ቦሌ ላይ አዲስ አየር ማረፊያ ተሠራ። የልደታው ሜዳ አካባቢ እስከ ዛሬ «ኦልድ ኤርፖርት» ይባላል። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ጄቶች የሆኑት ሁለት ቦይንግ 720ቢ አውሮፕላኖች በ1962 መጨረሻ ቦሌ ደረሱና በሚቀጥለው ጥር መደበኛ በረራ ጀመሩ።

ደለስም የተሠራው በዚያው ሰሞን ነው። ከዋሽንግተን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ በቨርጂኒያ የተተከለው ይህ አየር ማረፊያ፣ ገና ሲነደፍ ለጄት ተብለው ከታሰቡት የመጀመሪያው ሲሆን፣ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በኅዳር 1962 መርቀው ከፍተውታል። ስለዚህ የዛሬው መንገድ ሁለቱም ጫፎች የአንድ ዓመት እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል።

ጄት የሰዓቱን ስሌት ምን ያህል እንደለወጠው በ1963 ታየ። ኬኔዲ ኅዳር 22 ተገደሉ፤ ሥርዓተ ቀብራቸው ኅዳር 25 ተፈጸመ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚህ ቀን ዋሽንግተን ውስጥ ከሬሳው በስተኋላ ከሚሄዱት መሪዎች መካከል ነበሩ። ሞት ተሰምቶ ለቀብር መድረስ በስኪነር ዘመን የሚታሰብ አልነበረም።

ቦይንግ 720ቢ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይበር ነበር። የዛሬዎቹ ድሪምላይነርና ኤርባስ ኤ350ም የሚበሩት በዚሁ አካባቢ ነው። 11,560 ለ900 ሲካፈል 13 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃዎች ይቀሩታል፤ ይህ ስሌት ከ1963 ወዲህ አልተለወጠም። ከዚያ በኋላ የጉዞው ሰዓት የቀነሰው አውሮፕላን ስለፈጠነ አይደለም፤ መንገድ ላይ የሚያርፍባቸው ቦታዎች ስለቀነሱ ነው።

ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም.

ማረፊያዎቹን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የዘለለው በረራ የተደረገው በደርግ ዘመን ነው። የአዲስ አበባና የዋሽንግተን መንግሥታት ግንኙነት ቢሻክርም አየር መንገዱ ቦይንግን አልተወም። በ1982 መጨረሻ ከሌሎች ቀድሞ ቦይንግ 767-200ኢአር የተባለውን፣ ለረጅም ርቀት የተዘጋጀ ዓይነት አዘዘ። የመጀመሪያው አውሮፕላን ጁን 1፣ 1984፣ ማለትም ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ከዋሽንግተን ተነሥቶ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። የበረረው 12,082 ኪሎ ሜትር ሲሆን የፈጀበት 13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ነው። ሁለት ሞተር ላለው አውሮፕላን በዘመኑ አዲስ የርቀት ክብረ ወሰን ሆኖ ተመዘገበ።

ሁለት ሞተር መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1953 ጀምሮ የነበረው የአሜሪካ ደንብ ሁለት ሞተር ያለው አውሮፕላን፣ አንዱ ሞተር ቢጠፋ በሌላው በ60 ደቂቃ ውስጥ ሊደርስበት ከሚችለው ማረፊያ እንዳይርቅ ያዝዝ ነበር። ይህ ወሰን ወደ 120 ደቂቃ የሰፋው በ1985 ነው። ከዚያ በፊት ውቅያኖስን በሁለት ሞተር መሻገር ጠምዘዝ ያለ መንገድ መምረጥን ይጠይቅ ነበር።

የ1984ቱ በረራ ርቀት ከአጭሩ መስመር በ500 ኪሎ ሜትር ያህል ይበልጣል። አውሮፕላን የተሳለለትን የአየር መስመር፣ የነፋሱን ሁኔታና የየአገሩን ፈቃድ ተከትሎ ስለሚሄድ በካርታ ላይ የተለካውንና በተግባር የተበረረውን ርቀት አንድ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ከርቀቱ ይልቅ ግን አቅጣጫው ልብ ይባል፦ ክብረ ወሰኑ የተያዘው ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ እንጂ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ አይደለም።

ከፍታ፣ ነፋስና የምድር ክብነት

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፎ የሚገኝ አየር ማረፊያ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ክንፉን የሚያነሣበት ኃይል ይቀንሳል፤ ሞተሩም የሚውጠው አየር ስለሚያንስ የሚሰጠው ግፊት ይወርዳል። አብራሪው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ማኮብኮቢያው እስኪያልቅ ፍጥነት መጨመር፣ ወይ ቀለል ብሎ መነሣት። ማኮብኮቢያው ወሰን አለውና የሚቀነሰው ክብደት ነው።

ከዚያ ክብደት ውስጥ ትልቁ ድርሻ የነዳጅ ነው። ቦይንግ 787-8 ሙሉ ነዳጅ ሲይዝ 126,000 ሊትር ያህል ይጭናል፤ ይህም አንድ መቶ ቶን ገደማ ነው። አውሮፕላኑ ሲነሣ ሊኖረው የሚችለው ከፍተኛ ክብደት 228 ቶን ስለሆነ ግማሹ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነዳጅ ነው ማለት ነው። በሌላ በኩል የአሜሪካ መንገደኛ ሁለት ሻንጣ ይዞ ይመጣል፤ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ቦሌ ሚዛን ፊት ሻንጣቸውን ከፍተው ከአንዱ ወደ ሌላው በርበሬና ሽሮ የሚያዛውሩ ቤተሰቦች ከዚህች ቁጥር ጋር ነው ትግላቸው። ከእግራቸው በታች፣ በጭነት ክፍሉ ውስጥ፣ ዋሽንግተን ላሉ ሱቆች የሚሄድ እንጀራ ሊኖር ይችላል። መንገደኛውን፣ ሻንጣውን፣ ጭነቱንና እስከ ዋሽንግተን የሚያደርሰውን ነዳጅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከቦሌ ማንሣት ስለማይቻል ነዳጁ ይቀነስና የቀረው ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይሞላል።

ደለስ ከባሕር ወለል በላይ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከዚያ የሚነሣ አውሮፕላን ታንኩን ሞልቶ ይነሣል፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ነዳጁን አቃጥሎ ቀሎ ስለሚያርፍ ከፍታው አይከብደውም። ነፋሱም ያግዘዋል። በሰሜኑ የምድር ክፍል፣ ጄቶች በሚበሩበት ከፍታ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ የአየር ጅረት አለ። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣውን ከኋላ ይገፋዋል፤ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደውን ከፊት ይገጥመዋል። በዋሽንግተን የክረምት ወራት ጅረቱ ሲበረታ የሁለቱ አቅጣጫዎች ልዩነት ከአንድ ሰዓት ሊበልጥ ይችላል።

ሦስተኛው ነገር ካርታው የሚያሳስተው ነው። በጠፍጣፋ የግድግዳ ካርታ ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በማስመሪያ ቢሰመር መስመሩ በቻድ፣ በኒጀርና በማሊ አድርጎ ምዕራብ አፍሪካን የሚያቋርጥ ይመስላል። በሉል ላይ ክር ቢወጠር ግን ክሩ ወደ ሰሜን ይጎብጣል፤ በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ አልፎ፣ በስፔንና በፖርቱጋል ላይ አድርጎ አትላንቲክ ይገባል። ምድር ክብ ስለሆነች አጭሩ መንገድ በአውሮፓ ጫፍ በኩል ነው።

ማረፊያው ሲቀያየር

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ በስደት፣ ቆይቶም በትምህርትና በዲቪ ሎተሪ አሜሪካ የገባው ኢትዮጵያዊ በብዛት የሰፈረው ዋሽንግተንና ዙሪያዋ ነው። ከተማው ውስጥ አዳምስ ሞርጋንና ዩ ስትሪት፣ ከዚያም ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት የማይታጣባቸው ሠፈሮች ሆኑ። ይህ ሕዝብ ለዓመታት አገሩ ሲመላለስ በአውሮፓ ከተሞች አውሮፕላን እየቀየረ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አትላንቲክን ተሻግሮ አሜሪካ መደበኛ በረራ የጀመረው በ1998 ነው።

የመሄጃው ማረፊያ ለዓመታት ሮም ነበረች፤ ከ2015 ጀምሮ ዳብሊን ተጨመረች። ሁለቱም የተመረጡበት ምክንያት በክሩ ስሌት ይገለጣል። በሮም በኩል መሄድ በአጭሩ መስመር ላይ የሚጨምረው 150 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በዳብሊን በኩል መሄድም 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጨምራል። የዋሽንግተኑ መንገደኛ ዳብሊን ላይ ብዙውን ጊዜ ከመቀመጫው አይነሣም። በመስኮት በኩል የነዳጅ መኪናውን ያያል፤ ሠራተኞቹ ይቀየራሉ፤ አውሮፕላኑ ተመልሶ ይነሣል።

የቶጎ ዋና ከተማ ሎሜ በተለየ ምክንያት መጣች። በሎሜ በኩል መሄድ መንገዱን በ1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ያረዝመዋል። ግን ከተማይቱ ባሕር ዳርቻ ላይ ናት፤ አውሮፕላኑ ከዚያ ታንኩን ሞልቶ ይነሣል፤ የምዕራብ አፍሪካ መንገደኞችም ይሳፈሩበታል። በ2016 በሎሜ በኩል ወደ ኒውአርክ በረራ ተጀመረ፤ በኋላም የተወሰኑ የዋሽንግተን በረራዎች በዚያው አለፉ። ስለዚህ ማረፊያ የሚመረጠው በርቀት ብቻ ሳይሆን በከፍታና በገበያም ጭምር ነው።

አውሮፕላኖቹም ተቀያየሩ። በ2010 ቦይንግ 777-200ኤልአር ገባ። በነሐሴ 2012 የአፍሪካ የመጀመሪያው 787 ድሪምላይነር ልክ እንደ 1984ቱ 767 ከዋሽንግተን በቀጥታ በርሮ ቦሌ ደረሰ። በ2016 ኤርባስ ኤ350 ተከተለ። እነዚህ ሁሉ ነዳጅ ቆጣቢዎች ናቸው፤ ከፊተኞቻቸው ግን ፈጣኖች አይደሉም። ጦርነት ደግሞ መንገዱን ያረዝመዋል፦ በሚያዝያ 2023 ሱዳን ውስጥ ውጊያ ሲነሣ የአገሪቱ ሰማይ ለመንገደኞች በረራ ተዘጋ፤ በሱዳን ላይ ያልፍ የነበረው ሁሉ ዙሪያውን መሄድ ግድ ሆነበት።

በሰዓት ላይ የሚጨመርና የሚቀነስ

መንገደኛው ሰዓቱን ለማወቅ ሌላ ስሌት ይቀረዋል። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በክረምቷ 8 ሰዓት፣ በበጋዋ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ቲኬቱ ላይ 22፡15 ተብሎ የሚጻፈው አዲስ አበቤው ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሩብ የሚለው ነው። በዚህ ሰዓት የተነሣ ሰው 17 ሰዓት ተጉዞ ሲያርፍ የዋሽንግተን ሰዓት ገና ጠዋት ነው፤ በግድግዳ ሰዓት ቢቆጠር የተጓዘው ከ9 ወይም ከ10 ሰዓት አይበልጥም። ሲመለስ ግን የተቃራኒው ይሆናል። ከዋሽንግተን ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ተነሥቶ 13 ሰዓት ከበረረ አዲስ አበባ የሚገባው በማግስቱ ጠዋት 1 ወይም 2 ሰዓት ላይ ነው። የተጓዘው ያነሰ ቢሆንም አንድ ቀን ሙሉ ያለፈበት ይመስላል።

በሰማይ ላይ ያለው የጉዞ ቆጠራ ከበቅሎው ዘመን ብዙም አልራቀም። በቀን መንገድ ውስጥ ዳገቱና ወንዙ አብረው ይቆጠሩ እንደነበረ፣ በ17ቱና በ13ቱ ሰዓት ውስጥም የቦሌ ከፍታ፣ የምዕራቡ ነፋስ፣ የሻንጣው ኪሎና የጎረቤት ሰላም አብረው ተቆጥረዋል። ከእነዚህ መካከል በሰው እጅ ሊለወጡ ከሚችሉት አንዱ የመነሻው ከፍታ ነው። በቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው አዲሱ አየር ማረፊያ ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ከዚያ የሚነሣ አውሮፕላን ከቦሌ ከሚነሣው የበለጠ ነዳጅና ጭነት ይዞ መነሣት ይችላል።